በጨዋታ 850 ብር፦ 19 ወር የሠራሁበት የእግር ኳስ ዳታ ሥራ

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ኳስ እመዘግባለሁ» እላለሁ። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ጋዜጠኛ ነሽ? አይደለሁም። ቤቲንግ ቤት ነው የምትሠሪው? እሱም አይደለም። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ኳስ በተነካች ቁጥር ማን ነካት፣ የት ቦታ ላይ፣ በየትኛው እግር፣ ወዴት ሄደች፣ ደረሰች ወይስ ተቋረጠች የሚለውን ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። ሥራዬ ይሄው ነው።

ቴሌግራም ላይ ባሉ የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎች «የስፖርት ዳታ ሰብሳቢ፣ ልምድ አያስፈልግም» የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር ሦስት አራት ልጆች በውስጥ መስመር ይጽፉልኛል። «ይሻላል ወይ? ልግባበት?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንድ ጊዜ ጠንቅቄ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። የሠራሁበትን ድርጅት በስም አልጠራም። ዋናው መሥሪያ ቤት ውጭ አገር ነው፤ እዚህ ያለው ወኪሉ ነው የሚቀጥረው። ከሌሎች ድርጅቶች ልጆች ጋር እንዳወራሁት አሠራሩ ይመሳሰላል።

በስታትስቲክስ ተመርቄ ስምንት ወር ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። መስከረም 2016 ላይ ማስታወቂያውን አይቼ አመለከትኩ። ፈተናው ሁለት ነው። አንዱ ስለ ጨዋታው ሕግ ነው፦ ከጨዋታ ውጪ መቼ ይባላል፣ የተጨረፈ ኳስ ለማን ይመዘገባል፣ የመሳሰለው። ሁለተኛው የ15 ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ያንን መዝግበህ ከእነሱ መዝገብ ጋር ያስተያዩታል። ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያልፈው ይመስላል፤ ግን አብረውኝ ከተፈተኑት ውስጥ የወደቁት ብዙዎቹ ኳስ ወዳጆች ነበሩ። የሚወዱትን ተጫዋች እያዩ ሌላውን ይረሳሉ። ይህ ሥራ የሚፈልገው ኳሷን ብቻ የሚከተል፣ ማንንም የማይደግፍ ዓይን ነው።

ከፈተናው በኋላ ሁለት ሳምንት ሥልጠና አለ። አይከፈልበትም። ይህ ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ። በሥልጠናው ወቅት የመዘገብናቸው ጨዋታዎች እውነተኛ ጨዋታዎች ናቸው።

ሥራው ምን እንደሚመስል አንድ ቅጽበት ላሳያችሁ። በረኛው ኳሱን በእጁ ይዟል። ለቀኝ መስመር ተከላካዩ ወረወረለት። ተከላካዩ በአንድ ንክኪ ወደ መሀል ሰጠ። አማካዩ ዞሮ ረጅም ኳስ ላከ። አጥቂውና የተቃራኒው ተከላካይ አብረው ዘለሉ፤ ተከላካዩ በግንባሩ ገጨው፤ ኳሱ ከመስመር ወጣ። ይህ ሁሉ ስምንት ሰከንድ ነው። እኔ ግን በረኛውን፣ ተከላካዩን፣ አማካዩን፣ ዝላዩን ያሸነፈውን፣ ዝላዩን የተሸነፈውን፣ የወጣውን ኳስ አንድ በአንድ አስገባለሁ። ለእያንዳንዱ የሜዳው ሥዕል ላይ ቦታውን በማውስ እነካለሁ። የማሊያ ቁጥር በግራ እጅ፣ ማውስ በቀኝ እጅ። ከዚያ ቪዲዮውን ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ መልሼ አረጋግጣለሁ። የአንድ ጨዋታ ጠቅላላ ምዝገባ ወደ 2,000 ይጠጋል።

የመጀመሪያ ጨዋታዬ 9 ሰዓት ፈጀብኝ። ስጨርስ ዓይኔን ስከድን እንኳ ማሊያ ይታየኝ ነበር። አሁን በ4 ሰዓት ተኩል እጨርሳለሁ። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ ለአንዱ 850 ብር። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በሰዓት ወደ 94 ብር ነበር የማገኘው፤ አሁን 189 ብር ገደማ ነው። አዲስ የምትገቡ ልጆች ይህን ልብ በሉ። ማስታወቂያው ላይ «በሳምንት እስከ 10 ጨዋታ» ይላል። ጀማሪ ሰው 10 ጨዋታ ሊሠራ ቢሞክር 90 ሰዓት ነው። አይቻልም። እኔ የመጀመሪያውን ወር በሳምንት ከአራት በላይ አልቻልኩም።

ዝናብ የጣለበት ጨዋታ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ሜዳው ጭቃ ሆኖ፣ ማሊያው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቆ ተጨማድዶ፣ 6 ቁጥርና 8 ቁጥር መለየት አቃተኝ። ሁለቱም ቀጭን፣ ሁለቱም አጭር ጸጉር። ለጎል የሆነችውን ኳስ ያቀበለው ማን እንደሆነ 14 ጊዜ መልሼ አየሁት። 8 ነው ብዬ አስገባሁ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ምዝገባዬን የሚያርመው ተቆጣጣሪ መለሰልኝ፦ 6 ነው። እንዴት እንዳወቀ ጠየቅኩት። «ታኬታውን እይ፤ የ6 ቁጥር ነጭ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታ ከመጀመሬ በፊት ለ22ቱም ተጫዋቾች የታኬታ ቀለም፣ የካልሲ አለባበስ፣ በእጃቸው ላይ የታሰረ ነገር ካለ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እስካሁን እንዲህ ነው የምሠራው። ያ ተቆጣጣሪ በ19 ወር ውስጥ በአካል አይቼው አላውቅም፤ ግን ከዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ ያልተናነሰ አስተምሮኛል። ስህተት ሲመልስልኝ ሁልጊዜ ደቂቃውንና ምክንያቱን ይጽፍልኛል። ለዚህ ሥራ ከምሰጠው ነጥብ ትልቁ ድርሻ የእሱ ነው።

አሁን ደግሞ ስለኛ ሊግ ልናገር፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በሱፐርስፖርት መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ጨዋታዎቹ ጥራት ባለው ቪዲዮ ይገኛሉ። ቪዲዮ ካለ መመዝገብ ይቻላል። እኔም በየሳምንቱ አንድ ሁለት የኛን ጨዋታ እንዲሰጡኝ እለምናለሁ፤ ይሰጡኛል። ችግሩ ያለው መረጃ የምናስገባበት ፎርም ላይ ነው። ፎርሙ የተሠራው ለእኛ አይደለም።

ስም እንውሰድ። ፎርሙ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው። ፎርሙ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ ተጫዋቹን በአባቱ ስም ይጠራዋል። በአንድ ቡድን ውስጥ የሁለት ልጆች አባት ታደሰ ከተባለ፣ ዝርዝሩ ላይ ሁለት «ታደሰ» ይቀመጣል። ለውጭ ሰው ወንድማማቾች ይመስላሉ። በዚያ ላይ የላቲኑ አጻጻፍ አለ። አንዱን ልጅ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ፣ እንደ ሦስት ሰው ተቆጥሮ አግኝቼዋለሁ። ጎሎቹ ለሦስት ተከፋፍለዋል። ያንን ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ተጻጽፌአለሁ። ሲስተካከል የተሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም። የልጁ ጎል ለልጁ ተመለሰ።

የልደት ቀን ከዚህ ይብሳል። የ22 ዓመት ልጅ የተወለደበት ዓመት ሳይቀየር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከገባ፣ 29 ወይም 30 ዓመት ይሆነዋል። እስቲ አስቡት። ውጭ አገር ያለ ክለብ ወጣት አማካይ ሲፈልግ ዕድሜን ከ23 በታች ብሎ ያጣራል። ልጁ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ማንም አልከለከለውም፤ ማንም አላየውም፤ አንድ ሰው የልደት ዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሳይጨምር በመቅረቱ ብቻ ነው። ጳጉሜን የተወለደ ካለማ ፎርሙ 13ኛ ወር ስለሌለው መዝጋቢው የመሰለውን ያስገባል።

ሰዓትም አለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። አስተባባሪዋ ናት፤ ከውጭ ነው የምትደውለው። «ጨዋታው ተጀምሯል፤ ለምን መረጃ አይገባም?» አለችኝ። ጨዋታው 10 ሰዓት ነው፤ እሱ ከሰዓት በኋላ ነው። እሷ ግን ከእኛ ማስታወቂያ ላይ 10 የሚለውን እንዳለ ቀድታ የጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መድባኛለች። ስታዲየሙ ውስጥ በዚያን ሰዓት ሣር የሚያጠጣ ሰው ብቻ ነው የሚኖረው። ከዚያ በኋላ የሁለቱን ሰዓት አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ ሠንጠረዥ ሠርቼ ላክሁላት። እሷም ለሌሎች አስተባባሪዎች አስተላለፈችው። የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ሐሳብ እንዲህ ተቀባይነት ማግኘቱ ከድርጅቱ ጥሩ ጎኖች አንዱ ነው። ለሠንጠረዡ ግን የተከፈለኝ ነገር የለም።

ይህን ሥራ ለምን እንዲህ እንደምጠነቀቅለት ልንገራችሁ። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ወስደናል። ጎሎቹን ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ እንዳገቡ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን መንግሥቱ በዚያ 120 ደቂቃ ስንት ኳስ አቀበለ? ከየት ቦታ መታ? ስንቴ ሞክሮ ስንቱን ሳተ? እስካሁን ይህን የሚነግረኝ መዝገብ አላጋጠመኝም። በእንግሊዝ አገር ቻርልስ ሪፕ የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1950 የስዊንደን ክለብን ጨዋታ እያየ ከዕረፍት መልስ እርሳስና ወረቀት አውጥቶ መመዝገብ ጀምሮ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ እርሳስ። የሰውየው መደምደሚያዎች ላይ ብዙ ክርክር አለ፤ መዝገቡ ግን አለ። ዛሬ አዳማ ላይ የሚጫወት የ19 ዓመት ልጅ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ልጆቹ ስለ እሱ ቢጠይቁ መልስ እንዲያገኙ እፈልጋለሁ።

ወደ ክፍያው ልመለስ፤ ቅሬታዬ ብዙው እሱ ላይ ነው። ክፍያ በ45 ቀን ነው የሚገባው። አንድ ጊዜ 70 ቀን ቆየ፤ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። የቤት ኪራይ ደግሞ በ30 ቀን ነው። ስህተት ከተወሰነ መጠን ካለፈ ከጨዋታው ላይ ይቆረጣል። ስህተቱ የቪዲዮው ጥራት ቢሆንም ይቆረጣል፤ ይግባኝ ለማለት ስድስት ቀን መጠበቅ አለ። መብራት ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ኪሳራው የሠራተኛው ነው። እኔ በመጨረሻ ከእህቴ ተበድሬ ባትሪ ገዛሁ። የሕክምና ሽፋን የለም፤ የዓመት ዕረፍት የለም። በወረቀት ላይ ሠራተኛ አይደለሁም፤ «ተባባሪ» ነኝ። ጣቶቼ ላይ ሕመም ሲጀምረኝ ለሁለት ሳምንት አቆምኩ፤ ለሁለት ሳምንት ዜሮ ብር ነው።

ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የለም። ኳስ የሚኖረው ሰው ሲያርፍ ነው። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ማኅበር፣ ሁሉም በዚያው ቀን ነው። አምና በገና ዕለት ሁለት ጨዋታ ነበረኝ። ቤተሰቡ ሁሉ ሳሎን ተሰብስቧል፤ እኔ ጓዳ አጠገብ ባለችው ክፍል ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ተቀምጫለሁ። እናቴ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች። በአንድ እጇ ሳህን ይዛለች። እጄ ኪቦርድ ላይ ስለነበር ዶሮውን ጠቅልላ አጎረሰችኝ። «ብዪ ልጄ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችና ሁለተኛውን ደገመችኝ። ሦስተኛውን ስታጎርሰኝ ጎል ገባ፤ ቪዲዮውን አቁሜ እቅፍ አደረግኳት።

ስለ ውርርዱ ሳልናገር ብቀር ልክ አይሆንም። ከቪዲዮ የሚመዘገበው ዳታ ለክለቦች፣ ለአሠልጣኞች፣ ለጋዜጠኞች ይሄዳል። ከስታዲየም ውስጥ በቀጥታ የሚመዘገበው ግን ዋና ገዢው የውርርድ ገበያ ነው። ስታዲየም ያለ ሰው ቴሌቪዥን ከሚያይ ሰው በሰከንዶች ይቀድማል፤ ዋጋው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ውሉ ጥብቅ ነው። መወራረድ አይፈቀድም፤ ለሌላ ሰው መረጃ መስጠትም አይፈቀድም። የአክስቴ ልጅ አንድ ሰሞን «እስቲ አንድ ነገር ጠቁሚኝ» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት። ተቀይሞኝ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ የትራንስፖርት ገንዘባቸውን የውርርድ ትኬት ላይ የሚያፈሱ ልጆች አሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ከእኔ ጣት የሚወጣው መረጃ በመጨረሻ እዚያ እንደሚደርስ ማወቅ ይከብደኛል። በዚህ ምክንያት የቀጥታ ሥራን እየቀነስኩ፣ የቪዲዮውን እያበዛሁ ነው። የቀጥታው 1,200 ብር ነው፤ ጨዋታው ባለቀ ሰዓት ሥራው ያልቃል። ለኪስ እሱ ይሻላል። እኔ ግን መርጫለሁ።

ስታዲየሙን ግን እወደዋለሁ። ሊጉ በዙር ከተማ ከከተማ ስለሚዞር፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ሲሄድ እኔ ያለ ስታዲየም እቀራለሁ፤ አዳማ ሲመጣ ግን በየቀኑ ሁለት ጨዋታ አለ። ከጎኔ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። የባቡር ጡረተኛ ናቸው። መጀመሪያ ቀን «አንቺ ልጅ፣ ስልክሽን ትተሽ ጨዋታውን እዪ እንጂ» ብለው ተቆጡኝ። ሥራዬ መሆኑን ስነግራቸው ወንበራቸውን አስጠጉ። አንድ ቀን የአንዱን ቡድን አማካይ እያሳዩኝ «ይሄ ልጅ ኳስ ሳይመጣለት በፊት ሁለቴ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል። ቆጥሪለት» አሉኝ። ቆጠርኩለት። እውነታቸውን ነው። ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ያያል፤ ለዚህ ነው ኳሱ ሲደርሰው የማይደነግጠው። ፎርሙ ላይ ለዚህ የሚሆን ቁልፍ የለም። እኔ በራሴ ደብተር ጻፍኩት። ለተቆጣጣሪዬም ላክሁለት፤ እሱም «ይህን የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ ወደዚያ የሚወስድሽን ነገር ተማሪ» ብሎ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚያስተምሩ ነፃ ቪዲዮዎች ላከልኝ። አሁን ማታ ማታ እሱን እማራለሁ። የጎል ዕድል እንዴት እንደሚሰላ፣ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የሚገባውን ፍጹም ቅጣት ምት ከ25 ሜትር ከተመታ ኳስ ጋር ለምን እኩል መቁጠር እንደማይቻል፣ ከራሴ ምዝገባ ላይ እየሠራሁ አየዋለሁ።

ነጥብ ስጪ ከተባልኩ ለትምህርቱ ከ5 5 እሰጠዋለሁ፤ ለክፍያው 2፤ ለአያያዙ 3። ለመጀመሪያ ሥራ፣ ከቤተሰብ ጋር ለሚኖርና የቤት ኪራይ ለሌለበት ልጅ፣ ለአንድ ዓመት ግቡበት እላለሁ። ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ከሆነ በዚህ ብቻ አትተማመኑ። ከመፈረማችሁ በፊት ክፍያው በስንት ቀን እንደሚገባ በጽሑፍ ጠይቁ። ቪዲዮው ሲበላሽ ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። ሥልጠናው የሚከፈልበት እንደሆነም ጠይቁ፤ አይከፈልም ካሏችሁ ስንት ቀን እንደሆነ ቁርጡን አስነግሩ። ከሥራው ጎን ኤክሴል በደንብ ተማሩ። አንድ ደብተር ግዙ።

የአክስቴ ልጅ ትኬት መቁረጥ ካቆመ አራት ወር ሆነው። ባለፈው ሳምንት መጥቶ «እኔስ ብሞክረው?» አለኝ። ሦስት ምሽት አብረን ተቀምጠን የማሊያ ቁጥር በግራ እጁ እንዲለምድ አደረግሁት። ዓይኑ ፈጣን ነው፤ ብቻ የሚደግፈው ቡድን ኳስ ሲይዝ ይቸኩላል። ፈተናው ማክሰኞ ነው። ላፕቶፔን ሰጥቼዋለሁ፤ ባትሪውም ሞልቷል።